ብላ የማይባል እንግዳ

አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ውሻ ማባረር የፈለገ ሰው ድንጋይ አያስፈልገውም። ጎንበስ ማለት ይበቃዋል። የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ሲል መንገዱ ላይ አንድ ውሻ አያገኝም። አንዳንዱ ውሻ እንዲያውም ሳይወረወርበት እየጮኸ ነው የሚሮጠው፤ ሒሳቡን በቅድሚያ ይከፍላል። በዕድሜው ሙሉ የተማረው ነገር ቢኖር ጎንበስ ያለ ሰው ባዶ እጁን እንደማይነሳ ነው።

አሁን ይህን ትምህርት በሚገባ ያጠናቀቀ ውሻ ሰው ቤት ይገባል እንበል። ያውም ሀበሻ ቤት። ሀበሻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል የሚውል ሕዝብ ነው። ሰላም ሲል ይጎነበሳል። እጅ ሲያስታጥብ ይጎነበሳል። ቡና ሲያቀርብ ይጎነበሳል። ሲመረቅ አሜን እያለ ይጎነበሳል። ውሻው በበኩሉ ድንጋዩ መቼ እንደሚወረወር ይጠብቃል።

የኛን ውሻ ልጄ ናት ያመጣችው። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ አስፋልቱን ወንዝ አድርጎታል። ከቆመ ሚኒባስ ሥር ተጠቅልሎ አገኘችው። የአንድ ጆሮው ጫፍ የለም፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ግቢ እንደገባ ከውሃው ሮቶ ኋላ ተወሸቀና እዚያው ቀረ። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ገና ፊቱን በቅጡ ሳያዩ ስም አወጡለት፤ መከታ። "ይኼ ግቢ መከታ ያስፈልገዋል" አሉ። ይህ ሲባል መከታ በሮቶውና በግንቡ መሃል ጅራቱን እግሮቹ መሃል ቀብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ ተስፋ አትቆርጥም። የጎዳና ውሻ ጠንካራ ነው አለችን። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየቶች ወደ ጠፈር የላኳት ላይካ የሞስኮ ጎዳና ውሻ ነበረች፤ የመረጧትም ብርድና ረሃብ የለመደ ይችለዋል ብለው ነው። ባለቤቴ ሮቶውን አየት አድርጋ፣ "ያቺ ምድርን ዞረች፤ የኛው ሮቶውን ይዙርልንና ይበቃናል" አለች።

የእንስሳት ሐኪም ተጠሩ። መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጉት። በዚህ ላይ ማንም አልቀለደም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው "ፓስተር" ሲባል የሚያስታውሰው ሰውዬውን አይደለም። ጉለሌ ያለውን ግቢና በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ ዓለም ደግሞ በውሻ ንክሻ የሚመጣውን የዚህን በሽታ ሞት እስከ 2030 ዜሮ ለማድረስ ቀጠሮ ይዟል። የኛ ድርሻ አንድ ውሻ ነበር። መከታ መርፌውን ዝም ብሎ ተቀበለ። ሽንት ያስለቀቀው መርፌው አይደለም፤ ሐኪሙ መርፌውን ከቦርሳቸው ለማውጣት ጎንበስ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ትእዛዛቱን አወረዱ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። ፊት ለፊት አትቁሙበት፤ ጎን ስጡት። ከላይ ሆናችሁ ራሱን አትዳብሱት። ደጋግማችሁ አትጥሩት። አትክበቡት። መሸሸጊያውን አትንሱት። ምግቡን አስቀምጡና ዞር በሉ፤ ሲፈልግ ይመጣል።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ምግብ አስቀምጠን ዞር?"

"አዎ እማማ፣ ዞር።"

"እየራበው?"

"እየራበውም ቢሆን። እናንተ ካላችሁ አይበላም።"

"ኧረ ይኼስ ለጠላትም አይደረግ!"

እናቴ እውነቷን ነው። ነገሩን ሳስበው፣ ሐኪሙ የከለከሉን ውሻ ማስፈራራትን አይደለም፤ እንግዳ መቀበልን ነው። እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን አስቡት። በሩ ላይ እንከበዋለን። ዓይን ዓይኑን እያየን "ምነው ከሳህ?" እንለዋለን። ጥግ ይዞ መቀመጥ ቢፈልግ "ኧረ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ" ብለን ሶፋው መሃል እንተክለዋለን። ጠግቤያለሁ ሲል በሞቴ እንላለን። አሁንም እንቢ ካለ ጠቅልለን አፉ ውስጥ እንከታለን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለተኛውን እናስከትላለን። ይህን ሁሉ ውሻ ላይ ያደረገ ሰው መነከሱ አይቀርም። እንግዳ የማይነክሰን ይሉኝታ ይዞት ነው።

ሐኪሙ የጊዜ ግምትም ሰጡን። ሦስት ቀን እስኪረጋጋ፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ልማድ እስኪያውቅ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው ብሎ እስኪያምን። የፈራ ውሻ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል፤ አታጣድፉት አሉ። እኔ ካገባሁ በኋላ አማቶቼ ቤት ገብቼ ወንበር ሳልስብ ነው "ልጅ መቼ ነው?" የተባልኩት።

የውሻ ምልክቶችንም አስተማሩን። ሲያዛጋ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል፤ ጭንቀትም ያዛጋዋል። ሳይርበው ከንፈሩን ከላሰ ያው ነው። ፊቱን ሲያዞር ንቆን አይደለም፤ ጠብ አልፈልግም ማለቱ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እድር ስብሰባ ላይ የሚያዛጋ ሰው ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

የምግቡ ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀዩም ነጩም፤ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳል ተባልን። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሆንም፤ ሲሰበር ሹል ስለሚሆን አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትም ክልክል ነው፤ እሱን እንኳን ማንም ሊሰጠው አላሰበም። ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። ዶሮ ወጥ፤ ሽንኩርትና አጥንት። ቀይ ወጥ፤ ሽንኩርት። ምስር፤ ሽንኩርት። ሽሮ፤ ሽንኩርት። "እኛ ቤት ያለ ሽንኩርት የሚበላ ነገር ሕፃን ስንወልድ ነው የተሠራው" አለች።

እናም ሩዝ በቁርጥራጭ ሥጋ ይቀቀልለት ተባለ። ወዲያው ፍልሰታ ገባች። ቤቱ በሙሉ ጾመኛ ነው፤ ጓዳው ግን ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ሽታው ግንቡን ተሻግሮ ጎረቤታችን ዘንድ ደረሰ። ሴትየዋ እናቴን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጅሽ ደህና ነው?" አሏት። "ለውሻው ነው" ብላ ብትምል ማን ይመናት! ከዚያ ወዲህ ድስቱ የሚጣደው ጎረቤታችን ቅዳሴ መሄዳቸው ከተረጋገጠ በኋላ ሆነ።

ምክር በሽ በሽ ነበር። አንዱ "ሚጥሚጣ አብሉት፣ ጀግና ይወጣዋል" አለን። ሌላው "ቀን ጨለማ ክፍል ቆልፉበት፣ ማታ ልቀቁት" አለን። የሁለቱም መካሪዎች ውሾች ጌቶቻቸውን ነክሰዋል።

ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅም በቪዲዮ ደወለ። የሱ ውሻ ብቻውን ሲቀር ሶፋ ይበላ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ወስዶት ክኒን ታዘዘለት። ቀልድ አይደለም። ሰው ለጭንቀትና ለድብርት የሚወስደው ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ብቻውን መቅረት ለሚያስጨንቀው ውሻም ተፈቅዷል፤ የሚሰጠውም ከሥልጠና ጋር ነው። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ።

"አንተስ ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል?"

"እኔማ ቀን ታክሲ፣ ማታ ፓርኪንግ፤ ጥቂት ሰዓት ካሸለብኩ ተመስገን ነው።"

"ሐኪም አላየህም?"

"ጊዜ የት አለ እትዬ! ደግሞ የውሻው ኢንሹራንስ ከኔው ይሻላል።"

እኛ ቤት ክኒን አልመጣም። ልጄ ማታ ማታ ጀርባዋን ለሮቶው ሰጥታ መሬት ላይ ቁጭ ትልና ታጠናለች። አትጠራውም፤ ዞር ብላም አታየውም። አጠገቧ ቁራጭ ሥጋ አለ። መጀመሪያ ሥጋው የሚጠፋው እሷ ስትገባ ነበር። ከዚያ እያለች ይጠፋ ጀመር። አንድ ማታ እርጥብ አፍንጫ ክርኗን ነካት። እሷም ጎበዝ ናት፤ ሳትንቀሳቀስ የኬሚስትሪ ምዕራፉን ጨረሰች። የዚያን ሴሚስተር ውጤቷ ከፍ ያለው በመከታ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፉው ነገር ድምፅ ነው። ቆራሌው ከሩቅ "ቆራሊዮ!" ሲል መከታ ሮቶው ሥር ይገባል፤ ከነሮቶው ሊገዙት የመጡ ይመስለዋል መሰለኝ። ቡሄ ሲቃረብ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ። ከዚያ ሆያ ሆዬ መጣ። እስቲ ከውሻ ወገን ሆናችሁ አስቡት፤ ልጆች በቡድን፣ ሁሉም ዱላ ይዘው፣ ዱላውን መሬት ላይ እየደበደቡ፣ በር ላይ ቆመው "ክፈት በለው በሩን" ይላሉ። ሙልሙሉን በበሩ ክፍተት አቀበልናቸው። ትንፋሽ ሳይሰበስብ እንቁጣጣሽ ከነርችቱ ደረሰ።

ሐኪሙ ለዚህም ዘዴ ነበራቸው። የነጎድጓድ ድምፅ በስልክ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አሰሙት፤ እየሰማ ሥጋ ስጡት፤ ምንም ሳይመስለው ሲቀር ጥቂት ከፍ አድርጉ። ክረምቱ ሳይመጣ ጥር ላይ ጀመርን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ነገሩ ጥሩ ሄደ። አንድ ቀን ልጄ ስፒከሩን መስኮት ላይ አድርጋ ድምፁን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገችው። መከታ ሥጋውን ማላመጥ አላቋረጠም። ከግንቡ ወዲያ ግን ጩኸት ተሰማ። ጎረቤታችን በርበሬ አስጥተው ኖሯል። "ኧረ ዝናብ! ኧረ ስጡን!" እያሉ ቤተሰቡን ጠርተው፣ ሲራወጡ፣ በርበሬው ሲያስነጥሳቸው፣ ስጡ ገባ። ደመና የለም። ጠብታ የለም። ልጄ ቀስ ብላ ስፒከሩን አጠፋች። ድምፁ ከየት እንደመጣ ሴትየዋ እስከ ዛሬ አያውቁም። በጥር ያለ ደመና የነጎደው ነገር ግን ሰፈሩ ውስጥ ትርጉም እየተፈለገለት ነው፤ እስካሁን ከሰማኋቸው ውስጥ የዘይት ዋጋ የሌለበት የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል መከታ ሰው የሚመርጥበት መንገድ ታወቀን። ጨዋ ሰው ይፈራል። የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው "እንደምን ዋላችሁ" ሲሉ ግንብ ሊዘል ይቃጣዋል። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ደግሞ ሰላምታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ቀጥ ብሎ ይገባና የዋይፋይ ፓስወርድ ይጠይቃል። ማንንም አያይ። ለማንም አይጎነበስ። መከታ በፍቅሩ ወደቀ። ልጁ ሲመጣ ጅራቱ ወገቡን ይዞት ይወዛወዛል። የእድሩ ዳኛ አንድ ቀን ይህን አይተው፣ "ውሻ ሰው ያውቃል ይሉን ነበር" አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

እኛም ሳናውቀው ወደዚያው ልጅ ሄድን። ቀጥ ብለን ሰላም ማለት፣ ሰው አለማፍጠጥ፣ ነገር አለመደጋገም ለመደብን። ቤቱ ጭር አለ።

አክስቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ይኼኔ ነው፤ የቨርጂኒያው ልጅ እናት። በሩ ላይ አልከበብናትም። ቀጥ ብለን ሰላም አልናት። ጥግ ላይ ስትቀመጥ ወደ ላይ ያላት የለም። እንጀራውን አቀረብንና ዞር አልን። "በቃኝ" ስትል "እሺ" ብለን ሰሃኑን አነሳን። ሰሃኑ ሲሄድ በዓይኗ እስከ ጓዳ ሸኘችው። የምሯን "በቃኝ" ያለች ሴት አገራችን ውስጥ የለችም፤ እኛ ግን ረስተነዋል።

አክስቴ አኮረፈች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማንንም አታይ። ማንንም አትጠራ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ፣ ጎኗን ሰጥታን፣ ጸጥ። ሐኪሙ ካዘዙት አንድም አልጎደለም። እኛ ስንት ወር የተለማመድነውን እሷ በአንድ ኩርፊያ አሟላችው።

መከታ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። ሳሎን ገብቶ አያውቅም። ደፉን አሸተተ፤ ተሻገረ። ምንጣፉን ዳር ዳሩን ይዞ ዞረና አክስቴ እግር ሥር ዘፍ አለ። አክስቴ ስልኳን አወጣችና ለልጇ ደወለች። "እዚህ ቤት ሰው የቀረው ውሻው ብቻ ነው" አለችው፤ እንድንሰማ ጮክ ብላ።

እናቴ ነገሩ ሳይበርድ ብላ የእድሩን ዳኛ ለእርቅ አስጠራች። ባለቤቴ ግን ቀድማ ወጥታ በር ላይ ያዘቻቸው።

"ጋሼ፣ በሞቴ እርቁን ትንሽ ቀን ያቆዩልን" አለች። "ውሻው ገና እየለመደ ነው።"