ማስተካከያ፦ ማሌዥያ ለፍጻሜ አልደረሰችም

ባለፈው ሳምንት ስለ ፕሪሚየር ሊግ የእስያ ዋንጫ (የእንግሊዝ ክለቦች እስያ ሄደው ከአስተናጋጁ አገር ቡድን ጋር ይጫወቱበት ስለነበረው የዝግጅት ውድድር) ስጽፍ፣ «በ2003 ቼልሲ በፍጻሜው አስተናጋጇን ማሌዥያን 4 ለ 1 ረታ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ውጤቱ ልክ ነው፤ ጨዋታው ግን ግማሽ ፍጻሜ ነበር። በፍጻሜው ቼልሲ ከኒውካስል ጋር 0 ለ 0 ጨርሶ ዋንጫውን በመለያ ምት ወሰደ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስህተቱን ያሳዩኝ ደሴ ፒያሳ አብረን ቡና የምንጠጣ አንድ አባት ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ፣ ስልኬን ተቀበሉኝ፣ መስመሯን በጣታቸው ነክተው «ይቺን አስተካክላት፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁለት ውድድር አምታትቻለሁ። አስተናጋጅ ብሔራዊ ቡድን ለፍጻሜ የደረሰው በ2005 ባንኮክ ላይ ነው። ታይላንድ ለፍጻሜ ደርሳ በቦልተን 1 ለ 0 ተሸነፈች።

ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግዶቹ ክለቦች ይመጡ የነበረው ሊጉ ሳይጀመር ሰውነታቸውን ሊያፍታቱ ነው። ለባለሜዳው ግን የአገር ማሊያ ጉዳይ ነበር። ሆጤ ሜዳ ዳር ቆሞ ኳስ እያየ ያደገ የደሴ ልጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። የታይላንዶቹን ድካም ለሌላ መስጠት አልነበረብኝም። አንባቢዎቼ፣ ይቅርታ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይቺንም አጋሩልኝ።