እምቦጩን እያየን ቅጠሉን ረሳነው

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ባህር ዳር ከአባይ ድልድይ ወረድ ብሎ ወንዙ ውስጥ ከሚገባ ቦይ ዳር ቆመን ነበር። ቦዩ ከከተማው ነው ሚመጣው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ይፈሳል፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አፍንጫ ያለው ያውቃል። ድንጋዮቹ ላይ ግራጫ፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጣብቆ ከውሃው ጋር ይወዛወዛል። "ኤጭ፣ ፈንገስ አበቀለ'ኮ!" አለኝ። በእንጨት ሳብ ሳደርገው ሙልጭልጭ አለና ተበጣጠሰ።

በጓደኛዬ አይፈረድም፣ ፈረንጆቹም ራሳቸው "የፍሳሽ ፈንገስ" ነው ሚሉት፣ ግን አብዛኛው ባክቴሪያ ነው። የወንዝ ፈንገስ ማለት ሌላ ነው፣ በአይን አይታይም፣ እንደዚህ ያለ ቦይ ውስጥ ደግሞ ብዙው ዝርያው ይጠፋል። እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው፣ የማይታየው ሲሞት ማን ያለቅስለታል?

ሾላው ወይ ዋንዛው ቅጠሉን ውሃ ላይ ሲጥል ምን ሚሆን ይመስላችኋል? እንዲሁ ሟሙቶ አይጠፋም። ፈንገሱ በቀጭን ክሩ ቅጠሉ ውስጥ ይገባና ያለሰልሰዋል፣ እርሾ ሊጡን እንደሚሰራው በሉት፣ ከዛ የነፍሳት እጮች ይበሉታል፣ እጮቹን አሳ ይበላቸዋል፣ አሳውን እኛ በሚጥሚጣ። የብሪታንያው የፈንገስ ተመራማሪ ኢንጎልድ በፈረንጆቹ 1942 ነው እነዚህን ፈንገሶች በደንብ ያሳወቀው፣ በጅረት ውስጥ ከሚበሰብስ ቅጠል ላይ አግኝቷቸው። የብዙዎቹ ዘር ባለ አራት ክንድ ነው፣ ኩርንችት ነው ሚመስለው፣ እንደ ኩርንችትም ሚያልፍ ቅጠል ላይ ይያዛል። የወንዝ አረፋ ላይም ይጠራቀማል፣ ስለዚህ አረፋ ሁሉ ኦሞ አይደለም (የኛው ቦይ ግን ኦሞ ነው፣ አልዋሽም)።

አሁን ብክለቱ ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ያታልላል። ከማሳ የሚታጠብ ዩሪያ መጠነኛ ሲሆን ፈንገሱን ያጠግበዋል፣ ቅጠሉ እንዲያውም ቶሎ ይበሰብሳል፣ ላይ ላዩን ያየ ሰው "ወንዙ ጤነኛ ነው" ሊል ይችላል። ፍሳሹ ሲበዛ ግን ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ሞቃት ውሃ ድሮም ኦክስጅን ብዙ አይዝም፣ እኛ ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆንን አየሩም ሳሳ ያለ ነው። በዛ ላይ ከቆዳና ከጨርቅ ስራ ሚወጣው ከባድ ብረት ሚባለው መርዝ አለ። ያኔ ለስላሳዎቹ ዝርያዎች ይሄዱና ጥቂት ቻይ የሆኑት ይቀራሉ፣ እነሱም ቢሆኑ መብላታቸውን ሳያቆሙ መውለዳቸውን ይቀንሳሉ፣ ማለትም ቅጠሉ ላይ ክሩ አለ ግን ዘር አይበትንም። ቤቱ መብራት አለው ልጅ የለውም እንደማለት ነው።

የፎገራን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ርብና ጉማራ የቲማቲሙንና የሽንኩርቱን ማሳ አቋርጠው ነው ጣና ሚገቡት፣ ገበሬው ቲማቲሙን በሽታ እንዳይጨርስበት ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይረጫል፣ ምን ያድርግ። ግን መድኃኒቱ ፈንገስ እንዲገድል ነው'ኮ የተሰራው፣ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ይሄ የቲማቲም ይሄ የወንዝ ብሎ አይመርጥም።

እምቦጭ በፈረንጆቹ 2011 ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ስንት ዘመቻ ወጣን፣ በእጅ ነቀልን፣ ማሽን መጣ፣ ማሽን ቆመ። መነቀሉን አልቃወምም፣ እኔም ጭቃው ውስጥ ገብቼ ነቅያለሁ። ግን እምቦጩ ሚበላው ያው ከማሳና ከከተማ ሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው፣ እሱን ትተን አረሙን ስንነቅል ሳህኑን ሳናነሳ ዝንብ እንደማባረር ነው። በፈረንጆቹ 2015 ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው ሚኖሩበት ስፍራ) ብሎ መዘገበው፣ ደስ አለን፣ ጨፈርን፣ ቦዩ ግን እንደሚፈስ አለ።

"ሰው ንጹህ ውሃ ሳይጠጣ ለሻጋታ ታስባለህ?" ሚለኝ አይጠፋም። አዎ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ውሃ ነው፣ ደግሞ የፈንገሱ ነገር ውድ ላብራቶሪ ሳይኖርም ሚለካበት መንገድ አለ። የደረቀ የዋንዛ ቅጠል መዝናችሁ ግማሹን ሽንኩርት ሚሸጥበት ወንፊት ከረጢት ውስጥ፣ ግማሹን በአጎበር ጨርቅ ቋጥራችሁ ውሃ ውስጥ ታስራላችሁ። በሽንኩርቱ ከረጢት ነፍሳት ይገባሉ፣ በአጎበሩ ትልልቆቹ አይገቡም፣ እዛ በብዛት ሚሰሩት ፈንገስና ባክቴሪያ ናቸው። ከወር በኋላ አውጥቶ አጥቦ፣ አድርቆ መመዘን ነው። ከቦዩ በላይና ከቦዩ በታች አስሮ ማወዳደር፣ ከዛ ግልገል አባይ፣ መገጭ፣ ሁሉም መግቢያ ላይ። ዘሩን ለመቁጠር ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፣ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ቅጠሉን ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ይመዝነዋል። ፍሳሽ የሚለቅ ድርጅትም የራሱን ቦይ በዚህ ቢለካና ውጤቱን በር ላይ ቢለጥፍ ምን ነበረበት?

እኔ በበኩሌ አራት ቋጠሮ ከቦዩ በላይና በታች አስሬያለሁ። በሳምንቱ ሳይ የታችኛውን የሽንኩርት ከረጢት ልጆች አሳ ሊያጠምዱበት ወስደውታል፣ ቅጠሉን ዳር ላይ ደፍተውት። አጎበሮቹ ግን አሉ፣ የታችኛው ላይ ያ ግራጫ ጥጥ መያዝ ጀምሯል።