ማስተካከያ፦ ጠርዙ የማያር ብራውኒ

ስለ ብራውኒ (ጥቅጥቅ ያለ የቸኮሌት ጣፋጭ) አጋገር ቀደም ሲል በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንደኛው «የመስታወት ፓትራ ጠርዙን ከማረር ያድናል» ያልኩት ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መስታወት ለመጋል ይዘገያል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ ከኦቨን ወጥቶም መጋገሩን ይቀጥላል። መሃሉ ገና ሊጥ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው። የሚሻለው ነጣ ያለ የአልሙኒየም ፓትራ ነው፤ ጥቁሩ ሙቀት ስለሚስብ ጠርዙን ቶሎ ያሳርራል። ያላችሁ መስታወት ብቻ ከሆነ፣ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልኩትን ወደ 165 አውርዱና ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት።

ሁለተኛው ይብሳል። «ስቴኪኒ ስትወጉበት ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጠብቁ» ብያለሁ። ይህ የኬክ መለኪያ ነው፣ ለብራውኒ አይሆንም። መሃሉ ላይ የተወጋው ስቴኪኒ ንጹሕ ከወጣ ጠርዙ ከደረቀ ቆይቷል ማለት ነው። እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ አውጡት፤ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ ከያዘ ግን ገና ነው።

ላዩ እንዳያር ፎይል ስለመሸፈን ያልኩት ግን ትክክል ነው፣ እንዳለ ይቆይ። ብቻ ፎይሉ ላዩን እንጂ ጎኑን አያድንም። ለጎኑ ያረጀ የጥጥ ፎጣ በረጅሙ ቀድዳችሁ፣ ውሃ ነክራችሁና ጨምቃችሁ የፓትራውን ዙሪያ ጠምጥሙበት፤ የኦቨኑን ማሞቂያ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ሲያዩት ያስቃል፣ ይሠራል ግን።