ቴሌግራምን የከለከለው ደብዳቤ በቴሌግራም ተላከ

ሰሞኑን አንድ አስመጪ ድርጅት ለሠራተኞቹ ያወጣው ማሳሰቢያ እጄ ገባ። የድርጅቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ቢጤው ብዙ ነው። ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ መጠቀም ክልክል ነው ይላል። የድርጅቱ የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽም "ለጊዜው" ይዘጋሉ። ማህተሙ፣ ፊርማው፣ ግልባጩ ምኑም አልጎደለም። ለሠራተኛው እንዴት እንደደረሰ ግን ልንገራችሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ በስልክ ፎቶ አንስቶ የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው።

እዚህ ላይ ማቆም በቻልኩ። ግን ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። ማኅበራዊ ሚዲያ ለድርጅቱ ያስገባው ገቢ በሂሳብ መዝገብ ላይ አይታይም ይላል።

አይታይማ! የጥበቃውስ የት ይታያል? የመስመር ስልኩስ? የሥራ አስኪያጁ መኪና ነዳጅ ያስገባው ገቢ ስንት ተብሎ ተመዘገበ? ማንም ጠይቆ አያውቅም። ገቢህን አሳየኝ የሚባለው ቴሌግራም ብቻ ነው። ለዚያውም በነፃ የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ።

እስቲ አንድ ሽያጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንከተል። ሐዋሳ ያለ ደንበኛ የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ። የሞዴሉን ስም አያውቀውም። ማወቅም የለበትም። ፓምፑ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠርጎ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ሽያጭ ክፍል ያለችው ልጅ ፎቶውን ወደ መጋዘን ግሩፕ ትወረውረዋለች። የመጋዘኑ ሰውዬ ከመደርደሪያው ሥር ሆኖ "አለ፣ 4 ፍሬ" ብሎ የሳጥኑን ፎቶ ይመልሳል። ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍልና ስክሪንሾቱን ይልካል። ስክሪንሾትማ ይጭበረበራል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ሂሳብ ክፍሉ ግሩፑ ውስጥ ያለው ለዚህ ነው። አካውንቱን አይቶ "ገብቷል" ካላለ ዕቃው ንቅንቅ አይልም። ካለ ግን ዕቃው መኪና ላይ ይጫናል፣ የሾፌሩ ስልክ ቁጥር ይላካል፣ በቃ። ጠዋት የተጀመረ ጉዳይ ከምሳ ሰዓት በፊት ያልቃል።

አሁን ደግሞ ማሳሰቢያው እንዳዘዘው "በመደበኛው አሠራር" እንሂድ። ደንበኛው ይደውላል። የሞዴል ቁጥሩን በስልክ ፊደል በፊደል ያነባል፤ "ቢ ነው ዲ?" "ዲ፣ እንደ ዳዊት!" ሲባባሉ ካርዱ ያልቃል። ልጅቷ መጠየቂያ ትጽፋለች። መጠየቂያው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ "ተመልክተው አስፈላጊውን ይፈጽሙ" ብለው ይመሩታል። የተመራለት ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከሰዓት ሲመጣ መጋዘን ተዘግቷል። በማግስቱ መልሱ ያው በዚያው መንገድ ተጉዞ ሲመለስ ደንበኛው ሐዋሳው ላይ ቁጭ ብሎ ከሌላ ነጋዴ ቻናል ፓምፕ ገዝቶ አስገጥሟል። ይኼኛው ኪሳራ በየትኛው የሂሳብ መዝገብ ላይ ይታያል?

የሚብሰው ግን ገና ነው። ያቺ ልጅ ደሞዟ የሚታሰበው በሽያጭ ከሆነ ትእዛዙን ሰምታ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። ንግግሩን በሙሉ ወደ ግል ስልኳ ትወስደዋለች። በራሷ ዳታ፣ በራሷ አካውንት። ደንበኛው ከእንግዲህ የሚያውቀው ድርጅቱን አይደለም፤ እሷን ነው። የዋጋ ድርድሩ፣ የተላከው ፎቶ፣ የተገባው ቃል ሁሉ እሷ ጋ ነው። ነገ የተሻለ ደሞዝ አግኝታ ስትለቅ ደንበኛው አብሮ ይለቃል። አለቆቹም "የሠራተኛ ታማኝነት ጠፋ" ብለው ሥልጠና ያዘጋጃሉ። ታማኝነቱን ማን በደብዳቤ አባረረው?

ይህ የመዝጋት አባዜ ከላይ የወረደ ነው። በሐምሌ 2011 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለውን ነበር። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ። አምስት ወር ግድም! ለመንግሥት የፀጥታ ጉዳይ ነበር፤ በቴሌግራም ጫማና ልብስ ለምትሸጥ ሴት ግን ሱቋ ታሸገ ማለት ነው። እሷም ደንበኛዋም ቪፒኤን ጭነው እንደምንም ተገናኙ። የቻለ ቻለ፣ ያልቻለ ከሰረ። አለቆቻችን ከዚያ ሁሉ የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ መዝጋት እንደሚቻል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው መልእክታቸውን ፌስቡክ ላይ ያሰፍራሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ፓኬጁን በቴሌግራም ያስተዋውቃል፤ የኛ ፓምፕ አስመጪ ግን ከሁሉም ተሽሎ "በመደበኛው" ይሠራል።

"ወሬ ነው እንጂ ሥራ አይደለም" ለሚሉ አንድ ነገር ልጨምር። ስላክ የሚባለውን የቢሮ መነጋገሪያ የሠሩት ጌም ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለእርስ በርስ ሥራቸው ይጠቀሙበት ነበር። ጌሙ ከሰረ፣ መነጋገሪያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሴልስፎርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊገዛው ተስማማ። ለወሬ ይህን ያህል የሚከፍል ነጋዴ ካለ አሳዩኝና ወሬዬን ልሽጥለት።

ሥራውን ትቶ ቲክቶክ ላይ የሚውል ሠራተኛ የለም አልልም። አለ። ያው ሰውዬ ከዓመታት በፊት ሶሊቴር ሲጫወት ይውል ነበር፤ አለቃው በሩን ሲከፍት ኤክሴል ይከፍታል። ያኔ ኮምፒውተር ይታገድ ያለ የለም። ሰነፍ ሠራተኛን መቆጣጠር የአለቃ ሥራ ነው፤ ያንን ሥራ ያልሠራ አለቃ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው።

ስለዚህ ቻናሉን መልሳችሁ ክፈቱት። ስልኩም ሲም ካርዱም የድርጅቱ ይሁን፣ አድሚኑ ከአንድ ሰው ይብለጥ፣ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱ እዚያው ይቅር። ዋጋም ጻፉበት። የግድ የሆነ ነገር መከልከል ካማራችሁ "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ከልክሉ። ያንን ማሳሰቢያ ማህተሙ ሳይደርቅ እኔው ራሴ ሼር አደርግላችኋለሁ።