ፊደላችን ላይ ክሮስወርድ ሌላ ጨዋታ ነው

ከቱሉ ዲምቱ ወይ ከኮዬ ፈጬ መሀል ከተማ ስራ የሚገባ ሰው ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ምን ያደርጋል? ስልኩን ይነካካል፣ ቲክቶክ፣ ከዛ ቴሌግራም፣ ከዛ ተመልሶ ቲክቶክ። የአማርኛ ጋዜጦችና ድረገጾች ለዚህ ሁሉ ሰው በየቀኑ አንድ ክሮስወርድ፣ ማለትም ጥያቄ እየመለሱ ቃሉን በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል የሚሞሉበት ጨዋታ፣ ቢያወጡለት ምን አለበት? ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ ባዶ ሳጥን፣ በቃ።

ሲጀመርም ከጋዜጣ ነው የወጣው። አርተር ዊን የሚባል የሊቨርፑል ተወላጅ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ የእሁድ መዝናኛ ገጽ ላይ አወጣው። በ1924 ሳይመንና ሹስተር የሚባሉ አሳታሚዎች የመጀመሪያ መጽሐፋቸው አድርገው እርሳስ አያይዘው ሸጡት፣ አሜሪካ አበደ። ኒውዮርክ ታይምስ በዛው ዓመት የጊዜ ብክነት ነው ብሎ አጣጣለው፣ ግን የአሜሪካ የባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር በጃፓን ከተመታ በኋላ አንባቢው በጦርነት ወሬ ሲጨናነቅ በ1942 ራሱ ማውጣት ጀመረ። በዛው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ በ12 ደቂቃ ፍቱ ብሎ ካወዳደራቸው ሰዎች የጀርመንን ሚስጥር ለሚፈቱበት ለብሌችሊ ፓርክ ስራ የተመለመሉ አሉ።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን የኛ ፊደል ላይ ሲመጣ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው፣ እኛ 33ቱን በ7 ስታባዙት 231፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሰላም ብላችሁ ወደ ጎን ከጻፋችሁ በ«ላ» በኩል ወደ ታች የሚወርደው ቃል «ላ» ራሱን ይፈልጋል፣ «ለ»ም «ሉ»ም አይሆንም፣ ላሊበላ ከሆነ ገባ። ስለዚህ አዘጋጁ ይለፋል፣ ፈቺው ግን ይጠቀማል፣ ምክንያቱም አንድ ሳጥን ስትሞሉ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንዴ አገኛችሁት ማለት ነው። ቦታም አይፈጅም፣ አዲስ አበባ በ6 ሳጥን ያልቃል፣ ለስልክ ስክሪን የሚመች ነገር እኮ ነው።

ደግሞ እንግሊዞች በጣም የሚኮሩበት አንድ ዓይነት አላቸው፣ ጥያቄው ላይ ላዩን ሌላ ታሪክ ያወራል መልሱ ግን ውስጡ ተደብቋል። ይሄ እኮ ሰምና ወርቅ ነው! ጎንደርና ጎጃም የቅኔ ተማሪ ሲለፋበት የኖረ ነገር። እስቲ ይሄን ሞክሩ፣ «ላሊ ምሳውን ጨረሰና ሮሃ ሄደ»፣ 4 ሳጥን። ላሊ ምን አደረገ? በላ። ሮሃስ የማን የድሮ ስም ነው? ላሊበላ ራሱ፣ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰልፍ ላይ አንዱ ጮክ ብሎ ቢያነብ የማያውቁት ሰው ሁላ ዞር ብሎ ይመልሳል፣ እንቆቅልሽ ሲባል ምን አውቅልህ እያለ ያደገ ህዝብ ነው፣ ሀገር ስጠኝ እስኪባል አይለቅም።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። አዘጋጁ ዓለምን በዐይኑ ዓ ሲጠብቅ ፈቺው በአልፋው ኣ ቢጽፍ ስህተት ነው? በኔ እምነት አይደለም፣ ቢያንስ ሰው እስኪለምደው ድረስ ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ መልሱ ሲወጣ ግን በትክክለኛው ፊደል ይታተም። ልጆች ከዛ ይማራሉ፣ ጨዋታውም በፊደል ክርክር አይቋረጥም።