ግሪንዴል እድር የለውም ወይ?

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ወደ ቤት፣ ነገር ወደ ሰው ይገባል። በርኖሱ ከሳጥን ይወጣል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ በሩ ይቀረቀራል፤ ከዚያ የሚቀረው ሥራ ጎረቤትን ማማት ነው። ዘንድሮ ግን በአከራዬ ቤት የታማው ጎረቤት የሚኖረው ካሊፎርኒያ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኒል ያንግ የሚባል አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኛ አለ፤ ትውልዱ ካናዳ፣ ኑሮው አሜሪካ። በ1972 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) አንድ ዘፈኑ አሜሪካ ላይ አንደኛ ወጥቶለት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ያንኑ ዘፈን እየጠየቀ አስረጀው። በ2003፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ «ግሪንዴል» የተባለ አልበም አወጣ። አሥር ዘፈኖች ናቸው፤ አሥሩም ተያይዘው አንድ ታሪክ ይናገራሉ። ከልቡ የፈጠራት ከተማ አለች፤ ከተማዋ ውስጥ ግሪን የሚባል ቤተሰብ አለ፤ ቤተሰቡ ውስጥ አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ እና አንድ መላ የጠፋው ዘመድ አሉ። ሰባ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። እኛ ዘንድ ይህን ያህል ጊዜ ሳይቋረጥ የሚደመጥ ነገር ስብከት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን መሐል ላይ እልልታ አለው።

እኔ ይህን አልበም እወደዋለሁ። እኔ ብቻ ብወደው ማንን በጎዳሁ! ሰው እንዲወድልኝ፣ እግረ መንገዱንም እንግሊዝኛ መስማቴ እንዲታወቅልኝ አማረኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት አልበሙን በፍላሽ ይዤ አከራዬ ቤት ገባሁና ቴፓቸው ላይ ሰካሁት። የመንዝ ሰው የሆኑት አከራዬ ቡና ያፈላሉ። የእድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር እና አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ከሰሉን ከበው ተቀምጠዋል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ከእርሱ ጋር የሚመቱት እነማን ናቸው?» አሉ ዳኛው፣ ገና ሙዚቃው ሳይጀምር።

«ክሬዚ ሆርስ ይባላሉ ጋሼ። እብድ ፈረስ ማለት ነው።»

«የፈረስ ስም አለው በለኛ!»

ሸዋ ውስጥ የፈረስ ስም የዋዛ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ድና ነበሩ፤ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። ኒል ያንግም በዳኛው ትእዛዝ «አባ እብዱ» ተባለና ስሙ በዚያው ጸና።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ አያትየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያወራል። ተረጎምኩት፦ ይህን ዘፈን የሚዘፍነው ሰውዬ መዝፈን ከጀመረ ስንት ዘመኑ፤ የሚያውቀው ሆኖ እስካሁን ያልተናገረው ነገር ቀርቶታል ወይ? ይላል አልኳቸው። ዳኛው ጭናቸውን መቱ። «ይሄ ሽማግሌ ቁም ነገረኛ ነው!» እኔም ይህን ቦታ እወደዋለሁ። ለሐሜት ተራው መድረሱን ያወቀ ዘፋኝ ሐሜቱን ከአድማጩ አፍ ቀምቶ በራሱ ሽማግሌ አፍ ውስጥ ከተተው።

ሾፌሩ ግን በበረንዳ ወሬ የሚታለሉ አይደሉም። ጊታሩ አንድ ቦታ ይዞ ሲመላለስ፣ ሲመላለስ፣ ሲመላለስ ሰሙና «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ማርሽ የሚቀይረው?» አሉ። «ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ የተጫነ ኤንትሬ መሰለኝ እኮ! በአንደኛ ማርሽ፣ በአንድ ድምፅ፣ እስከ ዋሻው ድረስ።»

ፍርዱ ከዚህ በላይ ሊያምር አይችልም። አልበሙ የወጣ ጊዜ ፈረንጆቹም ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ የጠሉት ረዘመ፣ ተንዛዛ፣ ዜማው አነሰ አሉ፤ የወደዱትም የወደዱት ስለዚሁ መንዛዛቱ ነው። ሾፌሩ ራሳቸው ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበሉ «ለነገሩ በአንደኛ ማርሽ ስትወጣ ገደሉን በደንብ ታየዋለህ» ብለው ሁለቱንም ወገን ሆነው አረፉት።

መምህሩ ብዕር አውጥቶ ነበር። «ግሱን አላረባም» አለ፤ «ይህን ተማሪዬ ቢጽፍልኝ ከአሥር አራት አልሰጠውም። ደግሞ የዱሮው ዘፈኑ ይሻላል። ይሄ እርሱ አይደለም።»

«ይህን እንኳን ሌሎችም ብለውታል» አልኩ። በ1983 የገዛ አሳታሚው ድርጅት፣ የምታመጣልን ሥራ አንተን አይመስልም ብሎ የሦስት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ክስ መሥርቶበት ነበር።

ዳኛው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሰው ራሱን አልመሰለም ተብሎ ሲከሰስ ሰምተው አያውቁም። «ምስክር ሆኖ የቆመው ማን ነው? እናቱ?» ሳይፈረድ በስምምነት አለቀ ስላቸው «ሌላ ምን ይሆናል!» ብለው ተነፈሱ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰይጣን ይጠቀሳል፤ አከራዬ አማትበው «እርሱን እለፈው» አሉኝ። አለፍኩት።

አራተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ያ መላ የጠፋው ዘመድ፣ ጄድ፣ በመኪናው አደንዛዥ ዕፅ ይዞ ሲሄድ ካርማይክል የሚባል ፖሊስ ያስቆመዋል። ጄድ ተኮሰ።

ጀበናው አየር ላይ ቆመ። «ሞተ?» አሉ አከራዬ።

«ሞተ፣ እትዬ።»

«ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚደመጥ አልበም አልነበረም፤ የተቀመጥነው ለቅሶ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። የሚቀጥለው ዘፈን አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ሟቹ ብቻ ነው፤ ባልደረቦቹ ያነሱታል፣ ሚስቱ የጥንቱን ታስታውሳለች። ሾፌሩን እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው፤ አከራዬ ግን «አልቃሽ እንዲህ ነው፣ አይቸኩልም» እያሉ በአፅንኦት ያደምጣሉ።

መጨረሻው አካባቢ ስደርስ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ በካርማይክል ምትክ ሌላ ፖሊስ ተቀጠረ፤ እርሱ መኪናውን ያቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ማንም መኪና አላቆመም።

«ሙት ዓመቱ እስኪወጣ!» አሉ አከራዬ። «እንዲያው ክርስቲያኖች ናቸው እኮ።»

ይህን ስንኝ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ስለ መኪና ማቆሚያ መስሎኝ ነበር።

ዳኛው ግን ሐዘን ይዟቸው ሥርዓት የሚረሱ ሰው አይደሉም። ድንኳኑን ማን ተከለ? ወንበር ከየት መጣ? ንፍሮው? በዘፈኑ ውስጥ እንደሌለ ስነግራቸው በጣም አዘኑ። «ግሪንዴል እድር የለውም ወይ?» አሉ፤ አሥር ዘፈን የሚበቃ ከተማ ፈጥሮ እድር የረሳ ሰው ላይ ምን አስተያየት ይሰጣል በሚል ፊት። ከዚያ ወደ ሽምግልናው ገቡ። የግሪን ቤተሰብ ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም፤ ደሙ መድረቅ አለበት፤ ያ ቁም ነገረኛ አያት ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከሟች ወገን ደጃፍ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅ። ሾፌሩ ነቅተው ደገፉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የሚመጣውን አውቃለሁና።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ጋዜጠኞች የአያትየውን ግቢ ይወርራሉ፤ ሽማግሌው ሊያባርራቸው ይወጣና እዚያው በረንዳው ላይ ወድቆ ይሞታል።

«ሽምግልናው ሳይጀመር ሽማግሌውን ገደለብን!» አሉ ዳኛው። አባ እብዱ በአንድ ጊዜ ከዘፋኝነት ወደ ተጠርጣሪነት ወረደ። አከራዬ የተቆጡት ጋዜጠኞቹን ነው፦ «ለቅሶ ሳይደርሱ ካሜራ?»

ትንሽ ነገሩ ይብረድ ብዬ የኮንሰርቱን ታሪክ አነሳሁ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ታሪክ አልበሙ ገና ገበያ ሳይወጣ መድረክ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይጫወተው ነበር፤ ለዱሮ ዘፈን ብለው ትኬት የቆረጡ ሰዎች የማያውቁትን ቤተሰብ ጉዳይ ሲያደምጡ አመሹ፤ የዱሮውን አምጣ እያሉ የጮኹም አልታጡም። ሳቅን። የአራዳ ነገር! እኛ እንግዳን እስከ መጨረሻ እናደምጣለን አልን። እኔ ደግሞ ጎበዝ አድማጭ ይዤ እነርሱን በሆዴ ንቄያቸዋለሁ።

ዘጠነኛው ዘፈን የልጅቱ ነው። ሰን ግሪን ትባላለች። አያቷ ከሞተ በኋላ ብድግ ብላ የኃይል አመንጪ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ትገባና፣ ከአንድ የንስር ሐውልት ጋር ራሷን በሰንሰለት አስራ በድምፅ ማጉያ ትጮሃለች። ይህን ተርጉሜ ትንፋሽ ስወስድ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ የከሰሉ ፍም ብቻ ቀረ። «እርሷ ናት ያጠፋችው» አሉ ሾፌሩ።

በሳምንቱ መሐል አንዲት የታችኛው ሰፈር ሴት ነጠላ አዘቅዝቀው አከራዬ ዘንድ መጡ። «ፖሊስ ዘመድ ሞቶባችሁ ሳልሰማ፤ እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። አከራዬ አሜን ብለው ቡና አፈሉላቸው። የካርማይክልን ዝምድና አላስተባበሉም።

በሚቀጥለው እሑድ መብራት ነበረ። ሰዎቹ ሳይጠሩ መጥተዋል፤ መምህሩ እንኳን ያለ ብዕር ነው የመጣው። ፍላሹን ሰክቼ ዘጠነኛውን ዘፈን እየፈለግሁ፣ ልጅቱ የት እንደደረሰች አሁን ትሰማላችሁ፣ አሥረኛው ደግሞ ማሳረጊያው ነው፣ እያልኩ ሳለ ዳኛው በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«አሁን አዲስ ነገር አታምጣብን» አሉ። «ያንን አያትየው በሕይወት ሳለ በረንዳው ላይ የሚያወራበትን፣ የዱሮውን፣ የምናውቀውን ክፈትልን።»

ሾፌሩም ደገፉ። አከራዬም «እርሱን እርሱን» አሉ። ከፈትኩላቸው። እሑድ በመጣ ቁጥር እርሱኑ እንሰማለን፤ ሰን ግሪን እስከ ዛሬ ከንስሩ ሐውልት ጋር እንደታሰረች ናት።