አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ከዘመድ ጋር

ደሴ ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው በዋናነት የገዛው ምክር ነው፤ መኪናው በምርቃት ይጨመርለታል። ገና በሩ ላይ ሳይቆም ጎረቤት ይከበዋል። አንዱ ጠበል ይረጫል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል፤ አንድ መኪና ሁለቱንም ቢያገኝ ወሎ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በግ ይታረዳል፣ ቡናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሞተሩ ደህና ነው። በረካው ሲቀዳ ግን አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ለመሆኑ ሞተሩን እንዴት ልታለማምደው አስበሃል?» ይላል።

ቤቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የአዛውንቶቹ ጎራ «አደራህን ልጄ፣ ሺህ እስኪሞላ ከአርባ እንዳታስበልጠው፤ በሁለተኛ ማርሽ አዝግም» ይላል። የጎረምሶቹ ደግሞ «አብሽር! መጀመሪያ ካልረገጥከው ዕድሜ ልኩን ዳገት ይፈራል» ባይ ነው። የሚያስቸግረው ሁለቱም ግማሽ እውነት መያዛቸው ነው። ሁለቱም ውሸት ቢሆኑ ባለመኪናው ሰምቶ ይተወው ነበር።

ነገሩ ያለው ፋሻው፣ ማለትም ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት ላይ ነው። ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ ግድግዳ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ መስታወት የለሰለሰ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ተሻጋሪ ጭረት ይወጣበታል። ጭረቱ ዘይት ይይዛል፣ የጭረቱ ሹል ጫፍ ደግሞ የፒስቶኑን ፋሻ እየሞረደ ከግድግዳው ጋር ያጋጥመዋል። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ መወጠር ብቻ አይደለም፤ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከጀርባው ገብቶ ያስጠጋዋል። ስለዚህ በአዛውንቶቹ ምክር ሺህ ኪሎ ሜትር ሙሉ የተዘገመበት ሞተር ግፊት አያገኝም፣ ፋሻው አይቀመጥም፣ በጎኑ ያለፈው ዘይት ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ጭረቱን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ጭስ፣ በየወሩ ዘይት መጨመር፣ መጨረሻው ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ ማስፈታት። በጎረምሶቹ ምክር ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር የረገጠ ደግሞ ገና ያልተላመዱ ብረቶችን ዘይት በወጉ ሳይደርሳቸው ያፋጫል፤ የተጫረ ሲሊንደር በዱዓም በጠበልም አይመለስም።

መካከለኛው መንገድ ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ ግን ከወንበሮቹ ላስቲክ ጋር ሦስት ዓመት ሳይገለጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ የቶዮታ መመሪያዎች ለምሳሌ የሚሉት ይህንን ነው፦ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን አትያዝ፣ እስከ 800 ተጎታች አትጎትት፣ እስከ 1,000 በጣም አትፍጠን፣ ድንገት አትርገጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ብቻ አትቆይ፣ ለረጅም ጊዜም በአንድ ፍጥነት አትንዳ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የዙር መቁጠሪያውን ከ4,000 በታች፣ ናፍጣ ከሆነ ከ3,000 በታች መያዝ ይበቃል። ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ነዳጅ እየሰጡ ማፍጠን፣ ከዚያ እግርን አንስቶ በማርሽ ማስከተል፣ መልሶ ማፍጠን። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዳገትና ቁልቁለቱን እያፈራረቀ ይህንኑ ያሠራል። ሽማግሌ ሳይጠየቅ መንገዱ ራሱ ይመክራል።

ታዲያ ባለመኪናው ይህን ሁሉ ሲያውቅ መኪናው ደሴ የገባው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ «እኔ አመጣልሃለሁ» ያለ የአክስት ልጅ ነበረ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሞተሩ ሳይሞቅ እየረገጠ ከአዲስ አበባ ወጥቷል፤ ከሚሴን ካለፈ በኋላ ሜዳውን በአንድ ፍጥነት ሰንጥቆታል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ የወጣውም እግሩን ከወለሉ ሳያነሳ ነው። «ምሳዬን ደሴ በላሁ» ብሎ ሲያወራ ባለቤቱ በግ እያሳረደ ያመሰግነዋል። የማለማመጃው ሁለት አምስተኛ አልቋል።

ሐረጎን ካነሳን አይቀር፣ እዚያ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ በመሳሳቱ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሹፌሩ ይህን ድክመት በአራተኛ ማርሽ ረግጦ ሊያካክስ ይሞክራል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየተንዘፈዘፈ ሲጎትት ግን የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ብሮንዚና ይጎዳል፤ ወደ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አውርዶ ዙሩን 2,500 አካባቢ መያዝ ይሻላል። ማርሽ መቀነስን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሹፌር ወሎ ውስጥ ስንት እንዳለ ሐረጎ ታውቃለች። ሲወርዱ ደግሞ አዲስ የፍሬን ሸራ ገና ከዲስኩ ጋር ስላልተላመደ ከላይ እስከ ታች በፍሬን መንጠልጠል ሽታው ኮምቦልቻ ቀድሞ እንዲደርስ ያደርጋል። በማርሽ መያዝ፣ ፍሬኑን አጠር አጠር አድርጎ መንካትና መልቀቅ። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሞተር ላይ የሚከፍት ረዳት ካለም እጁን መያዝ ነው፤ በደሴ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ በግፊት የታፈነው ውሃ ክዳኑ ሲነሳ ፊት ላይ ነው የሚወጣው።

የጠዋት ማሞቅም አለ። የቶሳ ተራራ ብርድ ያሳሰበው ባለመኪና አስነስቶት ገንፎ ይበላል፣ ሻይ ይደግማል። ሰፈሩ በጭስ ይነቃል። ሞተሩ ግን ቆሞ በዝግታ ይሞቃል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የግድግዳውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ገደማ በቂ ነው፣ ከዚያ የሙቀቱ ቀስት እስኪነሳ ቀስ ብሎ መንዳት።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ ስድስት መቶ ላይ የደረሰ ሰው ሠርግ ይጠብቀዋል። አዲስ መኪና ያለው ዘመድ እያለ ሙሽራ በአሮጌ አትሄድም። ሪባን ይታሰራል፣ አበባ ይለጠፋል፣ ከፒያሳ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንደኛ ማርሽ በክላክስ ይዞራል፤ መሀል ላይ ሚዜው «አስጩኸው!» ሲል ሞተሩ ባዶውን እስከ ቀዩ መስመር ይጮኻል። መመሪያው የከለከለው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተፈጸመ፣ በእልልታ። ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ነው። «ባዶውን ከሚመለስ ሁለት ፍየል ብቻ» ይባላል። ሁለት ፍየል ከባለቤቶቻቸውና ከአንድ ኩንታል ጋር ሲሳፈሩ፣ መልሱ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ስለሆነ፣ ተጎታች አልጎተትኩም ብሎ መጽናናት አይቻልም።

ዘይቱን በተመለከተ ጋራዥ ሁሉ «በ500 ቀይረው» ይላል። ምክሩ የተወረሰው ተፈትቶ ከተሠራ ሞተር ነው። ፋሻ የተቀየረለት ወይም ካሚቻ (አዲስ የሲሊንደር ግድግዳ) የገባለት ሞተር ብናኝ ስለሚያራግፍ ዘይቱንም ፊልትሮውንም በ500 አካባቢ መቀየር ልክ ነው። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሞተር ግን በመመሪያው ቀን ይቀየርለታል፤ አንዳንድ አምራቾች እንዲያውም ቀድሞ እንዳይቀየር ይናገራሉ። የበለጠ የሚጠቅመው በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ማየት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ዘንጉ ተጠርጎ ተመልሶ ይነከራል። ከዚህ ውስጥ ደሴ ላይ የሚከብደው ሜዳ ማግኘቱ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አዲሱ መኪና አሁን በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። ፋሻ የለው፣ ዘይት አይበላ። ምክሩ ግን አልቀረም። «ሺህ እስኪሞላ በዝግታ» ይሉታል፤ ሊላመድ የሚችለው ጎማውና ፍሬኑ ብቻ ነው። «ደሴ ላይ ጢም አድርገህ ሞልተህ ውረድ፣ መንገድ ላይ እንዳያልቅብህ» የሚለው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው፤ ባትሪው ከሞላ የሚመልስበት ስለሌለው ሐረጎን በፍሬን ብቻ ይወርዳል። 80 በመቶ ላይ ቻርጁን ነቅሎ መነሳት ይበቃል። ኮምቦልቻ ሲደርስም መቶኛው እምብዛም እንዳልቀነሰ ቢያሳያቸው መካሪው አጎቱ ስክሪኑን አይተው «ኧረ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፣ አሳየው» ይሉታል።